ለዘነበች የለሰለሰችው መኪና

ማክሰኞ ንጋት፣ አዲስ አበባ

ጎህ ሲቀድ ከተክለ ሃይማኖት ተነሣሁ። ሰማያዊዋ መኪናዬ ጣሊያን ሠራሽ ናት፤ ባለ አራት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አስፋልት ላይ ስትሮጥ መሬቱን የምትልስ የምትመስል። ከአብዮቱ በፊት እሑድ እሑድ እሽቅድምድም የምወዳደረው በሷ ነበር። አሁን ግን እሑድ መኪና መንዳት ክልክል ነው፤ ቤንዚንም በኩፖን ሆኗል። ለዚህ ጉዞ የሚበቃኝን የሥራ ባልደረቦቼ ከየድርሻቸው ቀንሰው ሰጡኝ።

የምሄደው ኢሉባቦር፣ ቡሬ ነው። እዚያ የምታስተምረው ታናሽ እህቴ ዘነበች ከተሳፈረችበት የቡና ካሚዮን ላይ ወድቃ ወገቧ ተጎድቷል። ያያት ሐኪም «አዲስ አበባ ትወሰድ፤ ግን መንገዱ እንዳይንጣት። የእግሯ ጣቶች ገና ይንቀሳቀሳሉ፤ እነሱን ካተረፍን ትሄዳለች» አለ። አውቶቡስ አይሆንም። ካሚዮን ጭራሽ አይታሰብም።

መካኒኬ ጋሽ ወልዴ አንድ እሽቅድምድም ወዳጅ ፈረንጅ አገር ለቆ ሲሄድ የተወውን፣ ንጥረት የሚያበርድ አሞርዛተር ከነሞላው ገጠመልኝ። መኪናዋ ሥር ገብቶ እያሳየኝ፣

«ይቺን ቀለበት ወደ ቀኝ ስታዞራት ይጠጥራል፤ ወደ ግራ ይለሰልሳል። የሞላውን መቀመጫ ደግሞ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ታደርገዋለህ። ስትሄድ ከፍ አድርገህ አጠንክረው፤ ስትመለስ ለእሷ አለስልሰው» አለኝ።

«ከፍም ብሎ ለስላሳ ቢሆንልኝስ?»

«አይሆንልህም። ሲለሰልስ ኋላዋ ይቀመጣል። ድንጋዩን እያየህ መንዳት ነው።»

ረቡዕ፣ ከጅማ እስከ መቱ

ከአጋሮ በኋላ አስፋልት የሚባል ነገር ተረሳ። ወደ ዴዴሳ ቁልቁል ስወርድ አቧራው ጥርሴ ውስጥ ይንኮሻኮሻል። የክረምቱ ጭቃ በታኅሣሥ ፀሐይ ደርቆ፣ የካሚዮን ጎማ ያረሰው ቦይ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። መኪናዋ ከፍ ብላ ታልፈዋለች፤ እኔ ግን ወገቤ እስኪገነጠል ተመታሁ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ የማስበው ዘነበችን ነው።

በደሌ ላይ ሽሮ በላሁ። ያዩ ጫካ ዳር አንዲት ሴት አንድ እጅ ሙዝ በስሙኒ ሸጠችልኝ። ሁሩሙን አልፌ መቱ ስገባ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋው የመፈክር ጨርቅ በነፋስ ተቀዶ ይውለበለባል። ገበያው አጠገብ ካለ የስልጤ ሱቅ ወፍራም የስፖንጅ ፍራሽ ገዛሁ። ባለሱቁ መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ «ይቺን ይዘው ቡሬ?» አለኝ። ሳቀ፤ የምሄድበትን ምክንያት ስነግረው ግን ፍራሹን ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ።

ሐሙስ፣ ቡሬ

ዘነበች ያለችው አከራይዋ አባ ጀማል ቤት፣ ጠንካራ ሳንቃ ላይ ነው። በየአጥሩ ሥር የተሰጣ ቡና ይደርቃል። ከስታለች። ሰላም ሳትለኝ ብርድ ልብሱን አስገለጠችኝ።

«እያቸው፣ ወንድም ጋሼ» አለች። የግራ እግሯ ጣቶች ቀስ ብለው ታጠፉ፤ ከዚያም የቀኙ አውራ ጣት። ሁለታችንም ሳቅን።

ከሰዓት በኋላ የፊቱን ወንበር አውጥቼ ፍራሹን ዘረጋሁና መኪናዋን ማለስለስ ጀመርኩ። አባ ጀማል ቡናና ጨው የሚሸጡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ናቸው። «መጀመሪያ እኔን ንዳኝ» ብለው በጀርባቸው ተኙ፤ ደረታቸው ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አቆሙ። መስጊዱን ዞረን ስንመለስ ጢማቸው በስብሷል። ቀለበቶቹን ወደ ግራ አዞርኩ፤ የኋላውን ሞላ ዝቅ አደረግሁ፤ እንደገና ዞርን። እሳቸው «ሱታ! ሱታ!» ይላሉ፤ ቀስ በል ማለታቸው ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርጭቆው ሳይፈስ ተመለስን። ሰፈርተኛው አጨበጨበ።

ዓርብ፣ ከቡሬ ወደ መቱ

ማልደን ወጣን። አባ ጀማል ከኋላ ተቀምጠው ጭንቅላቷን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። የእግረኛ ያህል እንሄዳለን፤ በርግጥም በቅሎ የጫኑ ገበያተኞች አለፉን። የመኪናዋ ሆድ አልፎ አልፎ ድንጋይ ይፍቃል፤ ላይ ግን እርጋታ ነው።

«ጋምቤላ ጀልባ ላይ የወጣሁ ዕለት ልክ እንዲህ ነበር» አለች ዘነበች። ጎሬ ኮረብታ ላይ ስንደርስ ብርቱካን ጠየቀች። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት መንዳቴን ወድጄው አላውቅም።

ጎሬን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ገመድ የተወጠረበት ኬላ አስቆመን። ጠባቂው ጠመንጃውን እንዳነገተ ወደ ኋላ ዞረና ጎንበስ ብሎ አየ።

«ኋላዋ ተቀምጧል። ኮንትሮባንድ ቡና ጭናችኋል።»

«ጓድ፣ በሽተኛ ናት። ሞላውን ለእሷ ብዬ ነው ያላላሁት።»

«ሦስት ሰው እንዲህ አያስቀምጣትም። አውርዷት።»

«ማሎ ኦቦ!» አሉ አባ ጀማል፤ በኦሮምኛ ለመኑት፣ በአላህ ለመኑት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ፊቱ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው። «ሰዎች በሬሳ ሳጥን ቡና አሳለፉ። ያሳለፋቸው ጓደኛዬ እስካሁን ታስሯል። እኔም ልጆች አሉኝ» አለ። ቀለበቱን ላሳየው ሥር ገባሁ፤ አልተከተለኝም። ሌሎች ሁለት መጡና ፍራሹን በአራት ማዕዘን ይዘን አነሳናት። በሩ ጠባብ ነው። ወገቧ ላይ ፍራሹ ታጠፈ።

አንድ ጊዜ ብቻ ጮኸች።

የኋላ ወንበሩን ነቀሉ፣ ኮፋኖውን ከፈቱ፣ ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱት። ስፖንጅ ነው የወጣው። ጠባቂው ገመዱን ራሱ አወረደ። «እለፉ» አለ፤ ዓይኔን ግን አላየም።

መልሰን አስተኝተናት መቱ ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ብርድ ልብሱን ገለጥኩ።

«እስቲ አንቀሳቅሺያቸው።»

«እያንቀሳቀስኩ ነው» አለች።

ጣቶቿ ዝም ብለዋል።

ሐኪሙ መርፌውን ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሮ ወደ ላይ እየነካ ሄደ። ሆዷ ጋ ሲደርስ ነው «አዎ» ያለችው። «አሁንም ውሰዷት» አለኝ ውጭ ጠርቶ፤ ተስፋ አለ ግን አላለም። አባ ጀማል ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለው ጢማቸውን በጋቢያቸው ያብሳሉ።

ቅዳሜ፣ ወደ አዲስ አበባ

ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ ዘነበች ጠራችኝ።

«አጠንክረው» አለች።

«ምኑን?»

«የመኪናዋን ሞላ። ከፍ አድርገውና በደንብ ንዳ፣ ወንድም ጋሼ። እንደ ትናንቱ ከተጓዝን ነገ እሑድ ነው፤ መንገድ ላይ እንቀራለን። ምንም አይሰማኝም።»

ክሪኩን አውጥቼ ሥር ገባሁ። አራቱንም ቀለበት ወደ ቀኝ አዞርኩ፤ የሞላውን መቀመጫ በቁልፍ ከፍ አደረግሁ። ከዚያ፣ አባ ጀማል እንደ ትናንቱ ጭንቅላቷን ይዘው፣ ነዳሁ። ያዩ፣ በደሌ፣ ዴዴሳ በአቧራ ውስጥ አለፉ። መኪናዋ ከዚያ በፊት እንደዚያ አምራ ሄዳ አታውቅም፤ ጠላኋት።

አዲስ አበባ የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ቸኩለው በብብቷ ሳብ አደረጓት።

«ቀስ!» ብዬ ጮህኩ።

ዘነበች እጇን አንስታ እጄን ያዘችኝ። «ተዋቸው» አለች።