ክርስትና ያልተነሣችበት ረቡዕ

ተማሪዎች ሰልፍ በወጡ ሰሞን ነው ከአምቦ የወሰዱኝ። ጥፋቴ የልጆቹ መምህርት መሆኔ ነበር። ያስገቡን ከአምቦ ራቅ ባለች ከተማ፣ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ሴቶቹ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከመሃላቸው አንዷ ሕፃን ታጠባለች።

«ያ ዋቅ! አምላኬ! እዚህ ደግሞ ሕፃን ምን ትሠራለች?» አልኩ ሳላስበው።

«እኔን ትጠብቃለች ነዋ» አለች እናትየው ቀና ሳትል።

ከጌዶ ነች። ባሏ ሲያመልጣቸው እሷን ከነልጇ ይዘው መጡ። ልጅቷ ሰማንያ ቀን ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል፤ ኦርቶዶክሶች ሴት ልጅ ክርስትና የሚያስነሱበት ቀን ነው። እኔ ጴንጤ ነኝ። እኛ ሕፃን አናጠምቅም፤ እሁድ እሁድ ግን መንግሥተ ሰማያት የእናንተ ናት እያልኩ ልጆች አስተምራለሁ። እዚያ ያለችው ሕፃን ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ታስላለች።

«ሳትጠመቅ ብትሞትብኝስ?» ትለኛለች እናትየው።

«ጌታ ሕፃን አይጥልም» እላታለሁ።

«የእናንተው አይጥል ይሆናል» ትልና ትስቃለች። ከዚያ ታለቅሳለች።

ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ቅዳሴው እኛ ድረስ ይሰማል።

ቀኑ ረቡዕ ላይ ዋለ። በጠዋት መርማሪው ገባ። አንገቱ ላይ ወፍራም ማተብ ያሰረ፣ ጾመኛ ሰው ነው። አንድ ዓርብ ሽሮው ቅቤ ነክቶታል ብሎ ሳህኑን ሲወረውር አይተነዋል። እናትየው ተነሥታ ቆመች።

«ኦቦ፣ ዛሬ ሰማንያ ቀኗ ነው። በፖሊስ አጅባችሁ ውሰዱንና መልሱን። እዚሁ ማዶ ነው።»

የሕፃኗን ጉንጭ ነካ አደረገ። «እንዴት ታምራለች! እግዜር ያሳድጋት። ቄሱን እኔ ራሴ አናግርልሻለሁ። አንቺ ብቻ አባቷ የት እንዳለ ንገሪኝ። ካልሆነ አረመኔ ሆና ትቆይ።»

በጥፊ ቢመታት ይሻል ነበር። ቅቤ ባፉ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ሰው፣ የሕፃን ነፍስ ገበያ አውጥቶ ይደራደርባታል! ቱ!

እናትየው ልጅቷን ከእጁ ሳብ አድርጋ ደረቷ ላይ አደረገቻት። ድምጿን እንኳ አላነሣችም።

«አባቷን ሸጬ አላስጠምቃትም።»

«ሕፃን ናት፣ ምን ታውቃለች!» አለና በሩን ዘግቶ ወጣ።

ቆይታ እናትየው የልጅቷን ልብስ ታወልቅ ጀመር። «ይሄ ክርስትና አይደለም፤ በሱ አላሾፍም። ግን ቀኗ እንዲሁ አይለፍ» አለች። በጀሪካን የቀረችንን የመጠጥ ውሃ አፍስሰን ገላዋን አጠብናት። ነጩን ሻሼን አለበስኳት። ያኔ አንዷ ሴት እልል አለች፤ ሁላችንም ተቀበልናት። ዘበኛው በሩን ቢደበድብም አላቆምንም።

ከተፈታን በኋላ ልጅቷ ጌዶ ክርስትና ስትነሣ ጠርተውኝ ሄጃለሁ። አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፤ አክስቴ ትለኛለች።

በቀደም አምቦ ላይ ያንን መርማሪ አየሁት። ነጭ ለብሶ ከቤተ ክርስቲያን ይወጣል፤ ሚስቱ አሁን የተጠመቀ ሕፃን ታቅፋለች። አወቀኝና አንገቱን ደፋ። አፌ ምራቅ ሞላ። ሕፃኑ ግን ምን አደረገ? ምራቄን ዋጥኩና ወደ ሚስቱ ጠጋ ብዬ የሕፃኑን ፊት አየሁ።

«ያሳድግልሽ» አልኳት።

እሱን ሳላየው አለፍኩ።