ወንድሜ ያጠበው ስፖንጅ

ስፖንጁን ሳየው የጮህኩት ጩኸት እስከ አስፋልቱ ሳይሰማ አልቀረም። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ታላቅ ወንድሜ በጅቡቲና በሞጆ ደረቅ ወደብ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። እኔ አዳማ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ያን ሰሞን ከመንገዱ በፊት ናሙና እንዳይበላሽ መጠበቂያ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ ሰጥቼው፣ «የጅቡቲ ዓሣ አጥማጆች መረብ ላይ ተጣብቆ የሚወጣ የባሕር ስፖንጅ አታጣም፤ አንድ ቁራጭ ጠይቅልኝና እዚህ ውስጥ ክተተው» አልኩት። ሌላ ምንም አልነገርኩትም።

የባሕር ስፖንጅ እንስሳ ነው፤ ብቻውን ግን አይኖርም። ሰውነቱ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ታጭቀዋል። ይመግቡታል፣ ቆሻሻውን ያስወግዱለታል፤ እሱም ውኃውን እያጣራ አጠገቡ ያለውን ኮራል የሚባል እንደ ድንጋይ የጠጠረ የባሕር እንስሳ ያኖራል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ ይህ ጉርብትና ይፈርስና ስፖንጁም ኮራሉም ይታመማሉ። ላጠና የፈለግሁት እነዚያን ነዋሪዎች ነበር። በመጪው ሰኞ የዩኒቨርሲቲው የጥናት ኮሚቴ ፊት ቀርቤ ፈቃድ ልጠይቅ ነበር።

ወንድሜ ያመጣልኝ ግን ነጣ ያለ፣ የደረቀ፣ ኦሞ ኦሞ የሚሸት ነገር ነው። መተሐራ ላይ ምሳ ሊበላ ሲቆም ከብልቃጡ አውጥቶ፣ ሦስት ጊዜ አሽቶ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ፀሐይ አስመትቶታል።

«ማን እጠበው አለህ?»

«ዝልግልግ ብሎ ይገማል እኮ እታለም! ለእህቴ ግማት ይዤ ልግባ?»

አፌ ያመጣውን ሁሉ ተናገርኩት። ሲበቃኝ ተቀምጬ ውስጡ ማን ይኖር እንደነበር አስረዳሁት። እስክጨርስ ሰማኝና ግንባሩን በመዳፉ መታ።

«በይ እንግዲህ፣ ቡሆቃውን እርሾ ሳላስቀር ነዋ ያጠብኩት! ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?»

አፈርኩ። ሹፌር ምን ይገባዋል ብዬ ነበር ያልነገርኩት።

ሰኞ ሌላ የማሳየው ስለሌለኝ ያንኑ ስፖንጅ ይዤ ገባሁ። ሰብሳቢው፣ ጠጉራቸው የሸበተ ዶክተር፣ ተቀብለው ጨመቅ ጨመቅ አደረጉት።

«እንዴት ይለሰልሳል! ለገላ መታጠቢያ ነው።» ኮሚቴው ሳቀ።

«ይቅርታ ዶክተር፣ የማጠናው ታጥቦ የወጣውን ነው። እርስዎ የያዙት ባዶ ቤት ነው» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ባሕር ለሌለው ሀገር ይሄ ምን ይረባል? የመልካሳ እርሻ ምርምር አፍንጫሽ ሥር ነው፤ ቦሎቄ ላይ አትሠሪም?»

«የቦሎቄውንም ሥር የሚመግቡት እንዲሁ ውስጡ የሚኖሩ ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህን ማወቅ እነዚያንም...»

ሰዓታቸውን አዩ። ወንድሜ በአሥር ደቂቃ የተረዳውን ነገር እነዚህ የተማሩ ሰዎች አምስት ደቂቃ ሊሰሙኝ አልፈለጉም። በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ፤ ሀገሪቱ ባሕር ስለሌላት ጥናቱ ውድቅ ተደርጓል ይላል።

ወንድሜ ለቀጣዩ ጉዞ አዲስ ብልቃጥ ሊወስድ ሲመጣ ደብዳቤውን አቀበልኩት። «ተወው፣ አያስፈልግም» አልኩት። ሁለቴ አነበበው። ከዚያ ብልቃጡን ከጠረጴዛው አንስቶ ክዳኑን አጠበቀ።

«ባሕር የለንም ነው የሚሉት?» አለ። «ታዲያ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምመላለሰው ወዴት ነው?»