ውኃ የጠጣ ታንኳ

እርጥብ ፊላ፣ ያ የሐይቅ ዳር ቄጠማ፣ ሸትቷችሁ ባላችሁበት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት አዳማ ገበያ፣ ዝናብ ከመታው የፊላ ምንጣፍ አጠገብ እኔ እንዲያ ሆንኩ።

ልጅ ሳለሁ፣ በጦርነት ጊዜ፣ ወታደሮች ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያለችውን ደሴታችንን ይዘው ሰፈሩባት። ታንኳዎቻችን ሁሉ እነሱ በሚያዩበት፣ ውኃው ላይ ታስረው እንዲቆዩ አዘዙ። ከታሰረ ፊላ የሚሠራ ታንኳ ግን በየቀኑ ወጥቶ ካልደረቀ ውኃ ይጠጣል፤ ሰው አይሸከምም።

እናቴ ምጥ ሲጠናባት ወደ ማዶ ሐኪም ቤት መሻገር ተፈቀደልን። አያቴ በእግራቸው ጫን ሲሉት ታንኳው ሰመጠ።

«ፈቀድን አይደል እንዴ፣ አባባ? ምን ይጠብቃሉ?» አለ ወታደሩ።

«ፀሐይ፣ ልጄ» አሉ አያቴ።

ታንኳው ሳይደርቅ እናቴ በምጥ ላይ እንዳለች ሕይወቷ አለፈ።

መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼ ብዙ ነገር አስረዳለሁ፤ የዚያን ቀን ፈቃዱ ለምን እንዳልጠቀመን ግን ማስረዳት አልቻልኩም። እስቲ እናንተ አንድ እስር ፊላ ውኃ ውስጥ አሰንብታችሁ ለማንሳት ሞክሩ።