በወፍጮ ቤት የወረደ በረዶ

የጃፋር ንዴት እጁ ላይ ነው። ሲናደድ የያዘውን ሁሉ ያጥፋል። ሰልባጅ ልብስ ለሚሸጥ ሰው ክፉ ጠባይ አይደለም፤ ያን ሰሞን መቀሌ ሓድነት ሰፈር ያለችው ሱቁ እንደዚያ ተስተካክላ አታውቅም ነበር። ሸሚዝ በሸሚዝ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ እንደ መጽሐፍ ተደርድሯል። የሚያናድደው ሰው በየቀኑ ከዓዲ ሓቂ ሰፈር በሚኒባስ ይመጣለት ነበርና።

ሰውየው ኣለምሰገድ ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ተምሮ የጨረሰ፣ ትሑት፣ እሺ ባይ ነው። ክፋቱ፣ እሺ ካለ በኋላ ያንኑ ነገር እንደገና መጠየቁ ነው።

ጃፋር ከከሚሴ ወደ መቀሌ የመጣው ለቀን ሥራ ነበር፤ አፉ ግን ከክንዱ ቀድሞ ሥራ አገኘ። ቪዲዮ ቤት ገብቶ ፊልም ተርጓሚ ሆነ። ማይክ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሕንዱንም የቻይናውንም በአማርኛ ያወራ ነበር። የሰፈሩ ግማሽ አማርኛ የለመደው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከጃፋር ነው ይባላል። ከሁሉ የታወቀበት ግን አንድ የጃፓን የካርቱን ፊልም ነው፤ ሰዎች ጥለዋት በሄዱት ከተማ ብቻውን የቀረ ማዕድን ቆፋሪ ሮቦት፣ በመርከብ ወደ ሌላ ኮከብ የተወሰደች ሕፃን እስክትመለስ ሲጠብቅ የሚያሳይ።

ጃፋር ጃፓንኛ ከየት ያመጣል? ያየውን ተናገረ፣ ያላየውን ጨመረ። ሕፃኗን ዘቢብ አላት። ሮቦቱ ሲራመድ ለመሬቱ የሚያዝንለት ስለሚመስል፣ እንደዚያው በሚራመደው ጎረቤቱ በባለወፍጮው በገዛኢ ስም ጠራው። ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ ጀነሬተር ያጓራ ነበር። ተርጓሚው ለአፍታ እንኳ ዝም ካለ የሚሰማው ማሽኑ ነው፤ ተመልካቹም ያፏጫል። ስለዚህ በፊልሙ መጨረሻ፣ ሮቦቱ በረዶ እየወረደበት ብቻውን ሲቀመጥ፣ ማንም ምንም በማይናገርበት በዚያ ረጅም ቦታ፣ ጃፋር ተናገረለት። «ዱቄት ነው ዘቢብ፣ በረዶ አይደለም። ነይ፤ ከእንግዲህ ማንም አይራብም።» ጎረምሶች ፊታቸውን በሸሚዛቸው ሲጠርጉ የታየው እዚያ ጋ ነው።

አሁን ቪዲዮ ቤቱ የለም። ፊልሙን ግን ጃፓኖቹ ሥዕሉን አጥርተው፣ ድምፁን አጥበው እንደገና አወጡት። በልጅነቱ እዚያ አግዳሚ ላይ ያለቀሰው ኣለምሰገድ በፍላሽ ይዞት መጣ።

«ኣያ ጃፋር፣ ለዛሬ ልጆች እናድሰው። ድምፁ ያንተ ይሁን።»

ጃፋር የዚያን ቀን ደንበኛ ሳይከራከር ሸኘ። እድሳቱ ሲጀመር ግን ደስታው ባንድ ሳምንት አለቀ። ኣለምሰገድ በተከራያት ክፍል የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ሰቅሎ፣ ጃፋርን ግድግዳ ላይ አፍጥጦ እንዲያወራ አደረገው።

«ለማን ነው የማወራው? ለብርድ ልብሱ?»

«ሕዝቡ አለ ብለህ አስብ።»

«ሕዝብ ይታሰባል እንዴ? ሕዝብ ያስላል፣ ይስቃል፣ ቆሎ ይቆረጥማል!»

ድምፁ እንደ ረገበ ክራር ሆነ። ሰው በሌለበት መተርጎም አይችልም፤ ችሎም አያውቅ። ደግሞም የሚቀነሰው በዛ። ሩጫው ላይ «ያዘው! ያዘው!» ማለት ቀረ። ስሞቹ ወደ ጃፓንኛ ይመለሱ ተባለ። በመጨረሻ ልጁ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «በረዶው ጋ... ዝም ብንልስ?» አለ።

ጃፋር በእጁ የነበረውን የልጁን ጃኬት አጠፈው። «ያቺ ቃል ከወጣች እኔ ከፊልሙ ምኑ ላይ ቀረሁ?»

«ሠሪዎቹ ዝም ያሉት አውቀው ነው፣ ኣያ ጃፋር።»

«እኔም የተናገርኩት አውቄ ነው!»

ማታ ሚስቱ ዘኪያ እራት እያቀረበች ሲያማርር ሰማችው። «የዛሂድ አባት፣ አብሽር። አንተ ዝም የምትልበት ቀን ከመጣ፣ ወላሂ ቲኬት ቆርጬ ነው የማየው።»

ጃፋርና ኣለምሰገድ ተከራክረው አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማሙ፤ ቀረጻው ሕዝብ ፊት ይሁን። ሰፊ አዳራሽ ያለው ገዛኢ ነው፤ ወፍጮው እሑድ አይሠራም። ገዛኢ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች ከኋላው «ሮቦት!» እያሉ ሲሮጡ የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ጃፋርን በመጥረጊያ አባሮታል። ኣለምሰገድ ይህን ስለሚያውቅ፣ ከጃፋር ጋር ሊጠይቁት ሲሄዱ ምሥራቹን አስቀደመ።

«ኣቦይ ገዛኢ፣ ደስ ይበልዎ። ስምዎ ከፊልሙ ወጥቷል። ሮቦቱ ከአሁን በኋላ ታኩሮ ነው።»

ገዛኢ ከቅንድቡ ዱቄት ማራገፉን ተወ። «መን?»

«ታኩሮ። የራሱ ስም ነው።»

«ዋእ! ሃያ ዓመት በሱ ተሰድቤ፣ ዛሬ ደግሞ ልባረር? ታኩሮ የሚባል ሰው ወፍጮ ካለው እዚያ ሂዱ። እኔ ቁልፍ የለኝም።»

ቁልፉ ወገቡ ላይ ይንሿሿል። ጃፋር ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ኣለምሰገድም ስሙን ለቀቀ፤ በምትኩ ግን ዝምታውን ያዘ። «በረዶው ጋ ዝም ትላለህ። ቃል ግባልኝ።» ጃፋር ጥርሱን ነክሶ ቃል ገባ። ጃኬቱን ግን ሳይመልስለት ቀረ።

እሑድ ከሰዓት መስኮቶቹ በጆንያ ተሸፈኑ። በቪዲዮ ቤቱ ዘመን ወጣት የነበሩት ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከወሎ የመጡት የጉልበት ሠራተኞች ከፊት፣ እነ ዘኪያ ከጎን ተቀመጡ። ፕሮጀክተሩ ሲበራ ለዓመታት በጣሪያው ላይ ያደረ ዱቄት በብርሃኑ ውስጥ መውረድ ጀመረ፤ ቀስ ብሎ፣ እየተሽከረከረ፣ ማንም ሳያዘው። ጃፋር ሕዝቡ ሲያስል ሰማና ድምፁ ተመለሰለት። ቤቱን አሳቀው፣ አስፈራው።

በረዶው ደረሰ። ሮቦቱ ተቀመጠ። በሸራው ላይ በረዶ፣ ከሸራው ፊት ዱቄት ይወርዳል፤ ሁለቱን መለየት አይቻልም። ጃፋር ማይኩን ከአፉ አወረደ፤ በሌላው እጁ ባዶ ጆንያ ጨብጧል።

ያን ጊዜ ሰማው። ከሮቦቱ ደረት ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ይቆማል፤ ያልቆመ ያህል እንደገና ይጀምራል። ይሄ ነበረ እንዴ? ጀነሬተሩ ሲያጓራ፣ እሱም ከጀነሬተሩ በላይ ሲጮህ፣ ይሄ ከስር ነበረ? ያን ሁሉ ዘመን አጠገቡ ቆሞ የገዛ ሮቦቱን ልብ ሰምቶት አያውቅም። ያረቢ! ትንፋሹን ዋጥ አደረገ።

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ ተነሳ። ባለወፍጮው ነው።

«ዱቄት ነው ዘቢብ፣ በረዶ አይደለም።»

ሌላው ተቀበለው። የፊተኞቹ ሠራተኞች፣ እናቶቹ፣ ዘኪያ ራሷ፦ «ነይ፤ ከእንግዲህ ማንም አይራብም።» ትልልቆቹ ቃሉ መሃል ድምፃቸው ተሰበረ። አንዲት ሕፃን «ኣየናይ ሓርጭ?» ብላ የቱ ዱቄት እንደሆነ ጠየቀች፤ እናቷ በጣቷ ወደ ብርሃኑ ጠቆመች።

ጃፋር ማይኩን አነሳ። «ዝም በሉ! ልቡ ይሰማ እንጂ!»

«ኣታ ጃፋር!» አለ ገዛኢ ከጨለማው። «ሃያ ዓመት ዝም ብለህ የማታውቅ፣ ዛሬ እኛን ዝም ልታሰኝ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሮቦቱ ልብ ከሳቁ ስር ጠፋ፤ ምስሉም አለፈ።

ኣለምሰገድ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሟል። «ኣያ ጃፋር፣ ሁሉም ቀረጻው ውስጥ ገባ። ያንተም ጩኸት። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና እንቅዳው?»

«እንደገና? ከነዚህ ጋር?»

ጃፋር በእጁ የያዘውን ጆንያ አየና ለሁለት አጠፈው፤ ደግሞ ለአራት።

«እንዲሁ ይሂድ» አለ።