ቁልቁለቱ የሚሰጠው

ከሶዶ የወጣሁት ሐሙስ ማለዳ ነው፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ ሞልቶ ሊነሳ ሲል። ታላቅ ወንድሜ ማርቆስ ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ አስጫነና በመስኮት አንገቱን አስግጎ፣ «እዚያ በስንት ቀን መኪና ትይዛለህ?» አለኝ። «በሳምንት» አልኩት። ከገሱባ ሶዶ አሥራ አንድ ዓመት አይሱዙ የነዳሁ ሰው ምን ያቅተዋል? ነርስ ሆና ኖርዌይ የቀደመችኝ ባለቤቴ አስቴርም የምታስበው እንደዚያው ነበር።

ወገኖቼ፣ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። መጀመሪያ ቋንቋ፣ ከዚያ መንጃ ፈቃድ። የመንጃ ፈቃድ ቢሮ ሠራተኛዋ የአገር ቤቱን መንጃ ፈቃዴን ገልብጣ አየችና፣ «በረዶ ላይ ነድተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«ጭቃ ላይ ነድቻለሁ። የገሱባን መንገድ በክረምት ብታይው...»

«ጭቃ ፎርሙ ላይ የለም።»

እንደ ጀማሪ ሀ ብዬ ተማርኩ።

በመጨረሻ አረጋውያንን ከቤታቸው ሐኪም ቤት የሚያመላልስ ድርጅት ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ። የሰጡኝ መኪና ፕላግ ኢን ሃይብሪድ የሚሉት ነው፤ የቤንዚን ሞተርም አለው፣ እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ የሚሞላ ባትሪም አለው። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ከተማ ውስጥ በባትሪ ብቻ ይነዳ። እኔ ግን በመንገዴ ያለውን ተራራ ወጥቼ፣ ወርጄ ከተማ ስደርስ ባትሪው አልቆ ሞተሩ ይነሳል። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ። «ለሌሎቹ ይበቃቸዋል፤ ያንተ የት ነው የሚሄደው?» ስትለኝ የሰረቅሁ ይመስል አንገቴን ደፋሁ። ያን ሰሞን እህል አልዋጥልህ አለኝ። እርግጥ ምግቡም አያግዝም፤ ድንች ቀቅለው ጨው ነስንሰው ያቀርባሉ። ቦዬ የሚባለውን የአገራችንን ሥራ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ የለመደ አፍ ምን ይበለው?

ኡላፍ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመርከብ መካኒክ ነበሩ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ የማደርሳቸው። ሁልጊዜ ጋቢና ነው የሚቀመጡት። አንድ ቀን ከተራራው ስንወርድ እንደ ልማዴ ማርሹን ነፃ አድርጌ መኪናውን በራሱ እንዲንደረደር ለቀቅሁት።

«ለምን ነፃ ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

«ነዳጅ ለመቆጠብ። እኛ አገር ቁልቁለት ስናገኝ እንዲህ ነው።»

«ይሄኛው ቁልቁለት ሲወርድ ጎማው ሲዞር ባትሪው ይሞላል። ነፃ ስታደርገው መሙላቱ ይቀራል።»

ማርሹን መለስሁ። መኪናው ከኋላ የያዙት ያህል ረጋ አለ፤ የባትሪው መለኪያ መርፌም ወደ መሙያው ዞረ። ስንት ጊዜ ያን ሁሉ ኃይል ገደል ሰድጄዋለሁ! ከዚያ «ሴቭ» የሚለውን ቁልፍ አሳዩኝ። አውራ ጎዳና ላይ እሱን ስትጫነው መኪናው በቤንዚን ይሄዳል፣ ባትሪው ለከተማ ይቀመጣል።

«ዳገቱን በቤንዚን ውጣ፣ ቁልቁለቱ የሚሰጥህን ተቀበል» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ሐኪም ቤቱ ግቢ ድምፅ ሳናሰማ ገባን። «አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳቸው በአማርኛ። የገባቸው መሰለኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ወረዱ።

ሦስተኛው ወር ሲያልቅ አለቃዬ ቋሚ አድርጋ ፈረመችልኝ። ከቢሮው ደጃፍ ሳልርቅ ገሱባ ላሉት አባቴ ደወልሁ። ዐይናቸውን ሞራ ጀምሯቸዋል፤ ሶዶ ለሕክምና የሚሄዱት ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቀው ነው።

«ምንድን ነው የምትጭነው?» አሉኝ።

«ሽማግሌዎች። ሐኪም ቤት አደርሳቸዋለሁ።»

«ልጆች የሏቸውም?»

«አሏቸው። ሩቅ ናቸው።»

 

«በል እንግዲህ፣ ታ ናአው» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቀስ ብለህ ንዳ። የሰው አባት ነው የያዝኸው።»