የካይቱ ቫልቮላና የአባቴ ድንጋይ

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። ልክ ነው፤ ግን ሙያዬን በልቤ ብቻ ይዤ ብቀመጥ ኖሮ ላሊበላ ውስጥ አንድም ባለባጃጅ ጎማውን አይሰጠኝም ነበር። ስለዚህ እናገራለሁ። ጎሚስታ ነኝ። ባጃጆች ታጥፈው ወደ ላይ ከሚወጡበት ዳገት ሥር ያለችው፣ ደጃፏ ላይ አሮጌ ጎማ የተደረደረባት ቆርቆሮ ቤት የእኔ ናት። እኔ የለጠፍኩት ከመነዳሪ፣ ጎማው አልቆ ሽቦው ቢታይ እንኳ እሱ አይተነፍስም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ደህና፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ይህን የማያውቅ፣ ወይም አውቆ ዝም ያለ፣ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አባቴ። አባቴ ብራና ያዘጋጃሉ። የፍየል ቆዳ ይወጥራሉ፣ ይፍቃሉ፣ ያለሰልሳሉ፤ ጸሐፊው ብዕሩን የሚያሳርፍበት ንጹሕ ገጽ እስኪሆን ድረስ አይለቁትም። አያቴም ያንኑ ይሠሩ ነበር። በእኛ ቤት ሥራ ማለት መጨረሻው ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ነገር ነው። ሱቄን ስከፍት አባቴ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። የማኅበር ሰው "ልጅዎ ምን ትሠራለች?" ሲላቸው "ነፋስ ትሸጣለች" ብለው ጠላቸውን ይጎነጫሉ። ሰው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ያንገበግበኛል። ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ በሱቄ ደጃፍ ያልፋሉ፤ አንገታቸውን እንኳ አያዞሩም። አንድ ቀን ገብተው የእጄን ሥራ ቢያዩልኝ ብዬ የተመኘሁትን ያህል ሌላ ነገር ተመኝቼ አላውቅም።

ካይት የሚሉት የጨርቅ ክንፍ የመጣው በጊዮርጊስ ዋዜማ ነው። አንድ ፈረንጅ ከእሱ የሚበልጥ ቦርሳ ተሸክሞ ከአስጎብኚው ጋር መጣ። ከቦርሳው የወጣው ብርቱካናማ ጨርቅ ሲዘረጋ ደጃፌን ሞላው። አስጎብኚው እንደነገረኝ ሰውየው ሐይቅ ላይ ሳንቃ ረግጦ ይቆማል፤ ይህን ክንፍ በገመድ ይይዛል፤ ከዚያ ነፋስ ይጎትተዋል። በክንፉ ግንባር ውስጥ ረጅም ከመነዳሪ አለ። እሱ ካልተነፋ ክንፉ ከእርጥብ ነጠላ አይሻልም። አሁን የዚያ ከመነዳሪ አየር ማስገቢያ፣ ቫልቮላው፣ ከሥሩ ተላቅቋል። ሰውየው መንገድ ላይ አዲስ ቫልቮላ ራሱ ለጥፎ ነበር፤ እሱም ተላቀቀ። የቀረው መለዋወጫ አንድ ብቻ ነው። ከጊዮርጊስ ማግስት ጠዋት ደግሞ ወደ ደሴ መንገድ ወዳለው ሐይቅ ሊወርድ መኪና ይዟል።

"ይቻላል ወይ?" አለ አስጎብኚው።

"ምን ጥያቄ ነው" አልኩ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ከበውናል፤ እነሱ ፊት አይቻልም ልል ነው?

እጄ በልማዱ ወደ ሞረዱ ሄደ። የእኛ አሠራር የታወቀ ነው፤ ባለባጃጁ ቆሞ እየጠበቀ ከመነዳሪውን በሞረድ ማሻከር፣ ማስቲሽ መቀባት፣ በጋለ ብረት መጫን፣ መሸኘት። ደግነቱ በሰውየው ቦርሳ ውስጥ የአሮጌ ከመነዳሪ ቁራጭ ነበርና መጀመሪያ እሱን ልሞክረው አልኩ። የጋለው ብረት ገና ሲነካው እሳት እንደነካው ፌስታል ተኮማተረ። ብረቱን ወደ ጎን አስቀመጥኩ፤ ፊቴን ግን አላስነበብኩም።

የተላቀቀውን ቫልቮላ ገልብጬ አየሁት። ሥሩ ላይ ነጭ ዱቄት አለ፤ ከመነዳሪው ከጨርቁ ጋር እንዳይጣበቅ የሚነሰነስ ዱቄት ነው። ከዱቄቱ መሐል የጣት አሻራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በችኮላ ሳይጸዳ ነው የተለጠፈው። አባቴ ቢላ የነካውን ቆዳ ሲሰፉ "ቁስሉን ሳታጸዳ አትስፋ" የሚሉት ትዝ አለኝ። ከፋርማሲ አልኮል አስመጣሁ። አንዱ ሾፌር "ምን ፋርማሲ ያስኬዳል፣ አረቄ አለ" ብሎ ኪሱን ሲደባብስ፣ "አንተው ጠጣው፣ የአንተ ቫልቮላ ነው የላላው" አልኩት።

አሁን አንድ ነገር ቀረኝ። የሚለጠፈው ሥር ከበታቹ አየር ይዞ ከቀረ በዚያው ይላቀቃል። አየሩን ከመሐል ወደ ዳር ገፍቶ የሚያወጣ፣ የማይቧጭር ነገር ያስፈልጋል። ጣት ይወዛል፤ ማንኪያ ጠርዝ አለው። ለዚህ የሚሆን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የአባቴ ማለስለሻ ድንጋይ። ከአያቴ የወረሱት፣ መዳፍ የሚያህል፣ በእጅ ብዛት የለዘበ ጥቁር ድንጋይ ነው። እንኳን ሰው ሊዋሰው፣ በልጅነታችን ብንነካው እንኳ እንገረፍ ነበር።

ሄድኩ። አባቴ ደጅ ቁጭ ብለው ቆዳ ይፍቃሉ።

"አባባ፣ ድንጋይዎን ያውሱኝ።"

"ለምንሽ?"

"ለሥራ ነው።"

"ለነፋስሽ?"

"አዎ፣ ለነፋሴ!" አልኩ፤ ያ ሁሉ ዓመት የያዝኩት ንዴት በአንዴ ወጣ። ስለ ቫልቮላው፣ ስለ ዱቄቱ፣ ተይዞ ስለሚቀረው አየር ሁሉንም ዘረገፍኩት። "ከመነዳሪው ቀጭን ነው አባባ። አንቱ ለዳዊት ከሚያወጡት ብራና ይቀጥናል።"

መፋቂያቸውን አስቀመጡ። "ከዳዊት ብራና?"

"ይቀጥናል።"

"አየሩን ከመሐል ወደ ዳር ነው የምትገፊው?"

"አዎ።"

"እንግዲያ ወደ ኋላ እንዳትመልሽው። እጅ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው።" ድንጋዩን በጋቢያቸው ጫፍ ወልውለው ሰጡኝ። "ደወል ሳይደወል ጨርሽ። ነገ ጊዮርጊስ ነው፤ እጅሽን ለሥራ እንዳታነሺበት።"

ወርጄ ሠራሁ። በአልኮል አጸዳሁ፣ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፣ ንጹሑን ቦታ በጣቴ ሳልነካ፣ ከሥሩ የራሱ ማስቲሽ ያለውን ቫልቮላ አሳረፍኩት። ከዚያ በድንጋዩ ከመሐል ወደ ዳር ገፋሁ። አየሩ እንደ ትንሽ ጉንዳን ከሥር እየሸሸ ሲወጣ ይታየኝ ነበር። አንዴም ወደ ኋላ አልመለስኩም። ጣውላ አስተኛሁበት፣ በላዩ አሮጌ ባትሪ ጫንኩበት። ሱቄን ስቆልፍ ደወሉ ተደወለ።

በበዓሉ ቀን አስጎብኚው ቤቴ ድረስ መጣ። ፈረንጁ ጭንቅ ይዞታል፤ "ትንሽ ነፍተሽ አሳዪው" አለኝ። እምቢ አልኩ። አንድ ሾፌር ሰምቶ "ማስቲሽም በዓል ያከብራል እንዴ?" ብሎ ሳቀ። "የእኔ ያከብራል" አልኩት። እውነቱን ልናገርና፣ ከፈረንጁ ይልቅ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ። ጣውላውን ከፍ አድርጌ ለማየት እጄ በላኝ። የእኔ ማስቲሽ ባለባጃጁን ሲያስጠብቅ ኖሮ አያውቅም፤ ይህኛው ግን ዕረፍት የሚፈልግ ዓይነት ነው። ተራ ቀን ቢሆን ኖሮ ማንሳቴ አይቀርም ነበር፤ ራሴን አውቃለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ፈረንጁ አንዴ አፍሷል። ጊዮርጊስ ነው እጄን የያዘልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ከሱቄ ደጅ ተሰበሰበ። ከመነዳሪውን በጥቂቱ ነፋሁት፤ ከጨርቁ ውጭ ብዙ ከተነፋ ያለቅጥ ያብጣል። በቫልቮላው ሥር የሳሙና አረፋ ቀባሁ። አንዲት ፊኛ አልወጣችም። ዱቄት ነስንሰን በገመድ እየሳብን ወደ ጨርቁ መለስነው፤ ቫልቮላውን ከቀዳዳው ጋር አገናኘሁና ፖምፓውን ለሾፌሮቹ ሰጠኋቸው። ክንፉ እየተንጠራራ ተነሣ።

ቀና ስል አባቴ ከኪዳን ሲመለሱ ቆመው ያያሉ። አላለፉም። መቋሚያቸውን እየተደገፉ ገቡ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ጎንበስ ብለው ክንፉን እንደ ከበሮ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ከዚያ ጆሯቸውን ወደ ቫልቮላው አስጠግተው ቆዩ።

"ጸጥ ብሏል" አሉ።

ፈረንጁ እሳቸው ማን እንደሆኑ አስጠየቀ። "አባቷ ነኝ። ነፋስ ትሸጣለች" አሉ አባቴ። ሾፌሮቹ ሳቁ። እኔ ይህን ጊዜ አብሬ አልሳቅሁም። በንጹሕ ጨርቅ የጠቀለልኩትን ድንጋይ በሁለት እጄ ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም። እጄን መልሰው ወደ እኔ ገፉት። "መሣሪያ የሚያድረው ከባለሙያ ቤት ነው" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። "እኔ ቆዳ ስወጥር መጥቼ ከአንቺ እዋሳለሁ።"

አለቀስኩ። ሾፌሮቹ ፊት አለቀስኩ፤ ምንም አላሳፈረኝም።

ድንጋዩ ዛሬም ከማስቲሹ አጠገብ ተቀምጧል። አባቴ ሊዋሱት ይመጣሉ። ሲመጡ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው የምለጥፈውን ያያሉ፤ "ጸድቷል?" ይሉኛል፤ "ጸድቷል" እላለሁ። ቤታቸው ሌላ ድንጋይ አለስልሰው በጨርቅ ጠቅልለው ማስቀመጣቸውን አይቻለሁ። ይህን ግን በልቤ ይዤዋለሁ።