ጉብታ ላይ የተተከለው ድንኳን

«ሴት የነካችው ባሩድ አይጮህም። ጠመንጃውን አስቀምጭና ወደ ምድጃሽ!» አለኝ ቀኛዝማቹ፣ አርባ ሰው እየሰማ፣ ፊት ለፊቴ ቆሞ።

አለኝ እላለሁ። ያኔ ፊቱ ስቆም «እርስዎ» እለው ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን አልችልም።

ያ ባሩድ ያልጮኸው እኔ ስለነካሁት አይደለም። ያልጮኸው ቀኛዝማቹ ድንኳኑን ጉብታ ላይ ስለተከለ ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልናገር፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ድረስ በየጠላ ቤቱ የሚወራው የሱ ወሬ ነው።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ከተቀመጠ ሁለተኛው ክረምት ነበር። እኛ አርበኞቹ፣ አለቃችን ቀኛዝማቹ ሆኖ፣ ከወጀት፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ከሚሏት፣ ወደ ብር ወንዝ በሚወርደው ጫካ ውስጥ ሰፍረናል። እኔ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ እስክደርስ ተምሬ፣ ጠላት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ወደ አባቴ የተመለስሁ ልጅ ነኝ። ሰፈሩ ውስጥ «የፈረንጅ ተማሪ» ይሉኛል። ፈረንጅ እየተዋጋን!

አባቴ በዚያው ዓመት ጥር ላይ በንዳድ ሞተ። የተወልኝ አንድ ጠመንጃ ነው፤ በአፉ የሚጎርስ፣ ከአያቱ የወረሰው። ባሩዱን በአፈሙዙ ያፈሱለታል፣ እርሳሱን በጨርቅ ጠቅልለው በዘንግ ይጠቀጥቁታል፣ ከዚያ ከጎኑ ባለችው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ቁንጥር ባሩድ ነስንሰው በሚጨስ የጥጥ ገመድ ይለኩሱታል። ምንሽርና ውጅግራ የያዙት «የአዳም ጠመንጃ» እያሉ ሲስቁበት ኖሩ። ጥይታቸው ሲያልቅ ሳቃቸውም አለቀ። የነሱ ጥይት ከጠላት ካልተማረከ አይገኝም፤ ባሩድ ግን አባቴ ከበረት አፈር ነጩን ጨው እያጠበ፣ በአኻያ ከሰልና ከጅጋ ገበያ በሚመጣ ድኝ ይቀምመው ነበር። ቅመማውንም፣ አጎራረሱንም ከሱ ተምሬያለሁ። ሌላ የሚያውቅ አልነበረም።

በአባቴ አርባ ቀን ቀኛዝማቹ ጠመንጃውን ለሚስቱ ወንድም ሊሰጥ ተነሣ። የሚስቱ ወንድም ከጎፈሬው በቀር የሚያስፈራ ነገር የሌለው ሰው ነው።

«የአባቴ ነው፤ ለማንም አይሰጥም» አልሁ።

«ሴት ልጅ ጠመንጃ ምን ያደርግላታል?»

«ለሱስ ምን ያደርግለታል? ዘንጉን ለጥርስ መጎርጎሪያ ነው የሚፈልገው።»

ሰው ሳቀ። የነፍስ አባቴ መካከል ገቡና ነገሩ በዒላማ ይለይ ተባለ። ለቡሄ ቅል ይሰቀላል፣ ከመታሁ ጠመንጃው የኔ፣ ካልመታሁ የሚስቱ ወንድም። ቀኛዝማቹ በነፍስ አባቴ መስቀል ፊት «እሺ» አለ። ቡሄ የተመረጠውም ያለ ነገር አይደለም። በቡሄ ሰሞን ከዳር እስከ ዳር ጅራፍ ይጮኻል፤ አንድ ሁለት ተኩስ ቢሰማ ምሽግ ያለው ወታደር ጅራፍ መስሎት ያልፈዋል።

ሐምሌ ላይ ሰዎቻችን አንድ የጣሊያን ሸራ ድንኳን ማረኩ። ቀኛዝማቹ በደስታ ሊሞት! ይዞት ሄደ፣ ከሰፈሩ ሁሉ ከፍ ያለውን ጉብታ መርጦ አስተከለው። አባቴ በጉብዝናው የአንድ ትልቅ ሰው ድንኳን ተካይ ስለነበር እኔ ዝም ማለት አልቻልሁም።

«ቀኛዝማች፣ እዚህ ነፋሱ አይጣል ነው። ከታች፣ ከወይራዎቹ ጀርባ ይሻላል።»

«አለቃ ከጭፍራው በታች ድንኳን ሲተክል የት አገር አየሽ?»

«እሺ፣ ይሁን። ገመዱ ግን ዝናብ ሲነካው ያጥራል። ሰማይ ሲጠቁር ላላ ካላደረጉት ካስማውን ነቅሎ ይጥለዋል። ዙሪያውንም ቦይ እንቆፍርለት።»

«የተኛሁበትን ዙሪያ ቆፍረሽ ልትቀብሪኝ ነው?» አለ። አሁን ሳቁ በኔ ላይ ሆነ።

ድንኳን የሚተክል ሰው ይህን ከኔ ይስማ፤ እሱ አልሰማምና። ሸራ በዝናብ ጊዜ ከውስጥ ካልነኩት ውሃ አያሳልፍም። እጅም ሆነ ዕቃ ካስደገፉበት፣ በዚያች በነኩት ቦታ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው የለም። ይህን በሚስቱ ወንድም ፊት ሦስት ጊዜ ተናግሬያለሁ። ሦስት ጊዜም «የኔታ ደግሞ መጡ» እያለ ቀልዶብኛል።

ይህ ሳያንስ የሰፈሩ ባሩድ ሁሉ አለቃ ዘንድ ይደር ተባለ። የቀመምሁት እኔ! ጨው ሳጥብ እጄ የተላጠው የኔ! ከረጢቶቹን ተሸክሜ ወስጄ አስረከብሁ። የሚስቱ ወንድም ተቀብሎ ከሸራው ግድግዳ ጋር አስጠግቶ ደረደራቸው።

«ከሸራው አርቃቸው» አልሁት።

«አንች ሂጅና ሽሮሽን አማስይ።»

አንዲት ቀንድ ሙሉ ባሩድ ግን አልሰጠሁም። አባቴ የመጨረሻዋን ባሩድ ለክፉ ቀን ያኖር ነበር። አፏን በሰም ደፍኜ ከቀሚሴ ሥር አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኋት ቀረሁ።

የቡሄ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ገመዱን ያላላው የለም። ከታች ከጎጆዬ ሆኜ አያለሁ፤ መጀመሪያ ገመዱ እንደ ክራር ተወጠረ፣ ከዚያ የነፋሱ ወገን ካስማ ብድግ አለ፣ ከዚያ ሁለተኛው። ድንኳኑ ከነአለቃው ተኛ። ቀኛዝማቹ በሸራው ሥር እየዳኸ ሲወጣ መሳቅ ነበረብኝ። ከረጢቶቹን አሰብሁና አልሳቅሁም።

በበነጋው ሰማዩ ጠራ። ቅሉ በስልሳ እርምጃ ላይ ተሰቀለ። የሚስቱ ወንድም ከአንዱ ከረጢት በመዳፉ ዘግኖ ሰጠኝ። እጄ ላይ እንደ ረጠበ ዱቄት ተጋገረ።

«ይህ ረጥቧል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ስጡኝ።»

«አሁን ትተኩሻለሽ፣ ወይ ጠመንጃውን ታስረክቢያለሽ» አለ ቀኛዝማቹ።

«ቀኛዝማች፣ እርስዎ ዘንድ ያደረ ባሩድ ነው!»

«ሰበብ ጀመረች።»

አጎረስሁ። ለኮስሁ። ጎድጓዳዋ ላይ ያለችው ብልጭ አለች፣ የውስጡ ዝም አለ። አፈሙዙን ወደ ቅሉ እንዳዞርሁ ቆምሁ። አባቴ ያስተማረኝ የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፤ ያልጮኸ ጠመንጃ አልሞተም፣ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ ሊሆን ይችላል፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ ሳያንቀሳቅሱ መቆም ነው። እኔ ጸሎቱን በልቤ ስደግም ነው ቀኛዝማቹ መጥቶ ያን ከላይ የጻፍሁትን ቃል የተናገረኝ። የሚስቱ ወንድም ደግሞ ጠመንጃውን ከእጄ መንትፎ አፈሙዙን ወደ ፊቱ አዙሮ ውስጡን ሊያይ አጎነበሰ።

በክንዴ መትቼ ወደ ሰማይ አነሣሁት። ያን ጊዜ ፉስ ብሎ ተነፈሰ። የጎፈሬው ጫፍ ተለበለበ፤ እርሳሱ አልፎት ሄዶ ጭቃው ላይ ጠብ አለ። ሰፈሩ ሁሉ የተቃጠለ ጠጉር ሸተተው።

«ልትገድለኝ!» ብሎ ጠመንጃውን ጭቃ ላይ ጥሎ ጮኸ። ልገድለው! አመሰግናለሁ የሚል ቃል አልፈጠረበትም።

ጠመንጃዬን ከጭቃ አነሣሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም። እርጥብ ጨርቅ በዘንጉ ሰድጄ ሆዱን አጠብሁት፣ የቀረ ፍም ካለ አዲሱን ባሩድ ገና ሲፈስ ያቀጣጥለዋልና። በደረቅ ጨርቅ ደገምሁ። ከአንገቴ ቀንዷን አወጣሁ፣ ሰሙን በጥርሴ ነቀልሁ። ባሩድ ከቀንዱ በቀጥታ አይፈስም፤ በሸምበቆ መስፈሪያዬ ለክቼ ቀንዷን ደፍኜ አራቅሁ፣ ከዚያ አፈሰስሁ። እርሳሱን እስኪቀመጥ ጠቀጠቅሁ፣ ፊቴን ከአፈሙዙ ዞር አድርጌ። ለኮስሁ።

ቅሉ ሁለት ሆኖ ወደቀ።

ከታች ከመንደሩ የጅራፍ ድምፅ መለሰልን።

«ቃሉ የፊተኛው ጥይት ነበር» አለ ቀኛዝማቹ።

«ማን አለ?»

«እኔ አልሁ።»

ወደ ነፍስ አባቴ ዞርሁ። «አባ፣ በመስቀልዎ ፊት ነው እኮ። ፊተኛ ኋለኛ የሚል ነገር ነበር?»

አባ ጭራቸውን አገላበጡ። «ልጄ፣ አለቃና ዝናብ ሲመጣ ጎንበስ ብሎ ማሳለፍ ነው።»

«እኔ ጎንበስ ብል እርስዎ ምስክርነትዎን የት ሊያደርጉት ነው?»

መስቀላቸውን ከሸማቸው ሥር ከተቱ። አርባ ሰው ቆሟል፤ የሁሉም ዓይን ሁለት የሆነው ቅል ላይ ነው። ለነዚህ ሰዎች ባሩድ ስቀምም፣ ቁስላቸውን ሳጥብ የከረምሁት እኔ ነኝ። ቀኛዝማቹ እጁን ዘረጋ።

«አምጭ።»

እንደገና አጠብሁ። እንደገና ለክቼ አፈሰስሁ፣ ጠቀጠቅሁ። ጎድጓዳዋን ሞላሁ፣ የሚጨሰውን ገመድ በጣቶቼ መካከል ያዝሁ፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አስደገፍሁት።

«ያዟት!» አለ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። የሚስቱ ወንድም ጎፈሬውን ይዳብሳል።

የወደቀውን ድንኳን ካስማዎች ተራምጄ አልፌ፣ ሰፈሩን ጥዬ በወይራዎቹ በኩል ወደ ብር ወንዝ ወረድሁ።